ስንዴ የሚለብሰው ሰም፤ በጠርሙስ የሚሸጠው ብርታት

በነሐሴ ወር ከአሰላ ወጥታችሁ ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ዳር ብትቆሙ ስንዴው ሜዳውን ሞልቶ እንደ ባሕር ሲወዛወዝ ታያላችሁ። ዝናሙ እንዳባራ ወደ ማሳው ጎንበስ በሉና አንዲት ለጋ ቅጠል ተመልከቱ። ውሃው ቅጠሏን አላራሳትም፤ እንደ ጨሌ ክብ ክብ እየሆነ ተንከባልሎ ይወርዳል እንጂ። ይህ ስለ ምን ሆነ ያላችሁ እንደ ሆነ፥ ስንዴው ካባ ስለ ለበሰ ነው። ካባውም የተሠራው ከሰም ነው።

በዛሬው ጽሑፌ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ስለዚህ ሰም፥ ይልቁንም በሰሙ ውስጥ ስለሚገኝ ኦክታኮሳኖል ስለሚባል ነገር ነው። ስሙ ምላስ ያስራል፤ ነገር ግን አይክበዳችሁ፤ ጥቂት ቆይተን እንፈታዋለን። ወደዚህ ጉዳይ የመሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው።

አንደኛው የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥቶ ሮጦ፥ ከዚያ በኋላ ታጥቦ ትምህርት ቤት የሚመጣ ትጉህ ልጅ ነው። አንድ ቀን ትምህርት ካለቀ በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበና ከደብተሩ መካከል የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ፥ «ጋሼ፥ ይህ ነገር እውነት ነው?» አለኝ። ወረቀቱ ከመድኃኒት ካርቶን የተቀደደ ነበር። ከስንዴ ሽል የወጣ፥ ድካምን የሚያስወግድ፥ ለሯጭ ብርታት የሚሰጥ መሆኑን ይናገራል። ዋጋውን ብጠይቀው፥ አባቱ ለመሮጫ ጫማ ብለው ካጠራቀሙለት ገንዘብ ጋር እኩል ሆኖ አገኘሁት።

ሁለተኛው በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል ጓደኛዬ ነው። አባቱ በገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ቀኝ እጃቸው ዐርፎ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ እርምጃቸውም አጥሯል። ሐኪም መርምሮ ፓርኪንሰን የሚባለው ሕመም መሆኑን ነገራቸውና መድኃኒት አዘዘላቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ነጋዴ ለጓደኛዬ ወርቅማ እንክብል የሞላበት ጠርሙስ አሳየውና፥ «ይህ የተፈጥሮ ነው፤ የሐኪሙ ግን ኬሚካል ነው» አለው። ልጅ ነውና፥ አባቱንም ይወዳልና፥ የወር ደመወዙን እኩሌታ ከፍሎ ገዛ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም ያው ኦክታኮሳኖል ነበር። አባትየውም አዲሱን ጀምረው የቀድሞውን ተዉት።

እንግዲህ ለሁለቱም መልስ ለመስጠት ስል መጻሕፍትና መጽሔቶች ማገላበጥ ጀመርሁ። ያገኘሁትን እነሆ። ዓመታቱን የምጽፈው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አልኮል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አረቄን ነው። በኬሚስትሪ ግን አልኮል የአንድ ሰፊ ቤተ ሰብ ስም ነው። የካርቦን አቶሞች እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው፥ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ተጣምረው ሲንጠለጠሉባቸው አልኮል ይባላል። ጠላውም አረቄውም የሚያሰክርበት አልኮል 2 ካርቦን ብቻ አለው፤ ስለዚህ ከውሃ ጋር እንደ ልብ ይቀላቀላል። ሰንሰለቱ እየረዘመ በሄደ ቁጥር ግን ጠባዩ ከውሃ ርቆ ወደ ስብ ይጠጋል። እነዚህን ረጃጅሞቹን የስብ አልኮሎች እንላቸዋለን። ፈረንሳዊው ሊቅ ሼቭረል በ1817 ከዓሣ ነባሪ ሰም ያወጣው ሴቲል አልኮል 16 ካርቦን አለው፤ ዛሬ በፊት ቅባት ውስጥ ይገባል። ኦክታኮሳኖል 28 አለው፤ ስሙም የተወሰደው ሃያ ስምንት ከሚለው የግሪክ ቍጥር ነው። ነጭ፥ ሰም የመሰለ ጠጣር ነገር ነው፤ በውሃ አይሟሟም፤ ለማቅለጥም 83 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። እንደ አረቄ አያሰክርም። ባለ 30 ካርቦን የሆነው የቅርብ ዘመዱ ደግሞ በንብ ሰም ውስጥ ይገኛል፤ ጧፍ ባበራችሁ ቍጥር የዚህን ቤተ ሰብ አባል ታቃጥላላችሁ ማለት ነው።

በለጋው የስንዴ ቅጠል ላይ ካለው ሰም ዋነኛው ይህ ባለ 28 ካርቦን አልኮል ነው። ስንዴው አድጎ ዛላ ሲያወጣ አገዳው የሚለብሰው አመድማ ሰም ግን ሌላ ዐይነት ቅመም ይበዛበታል። የሰሙ ሥራ ምንድር ነው ቢባል፥ ሥሩ ከመሬት የሳበው ውሃ በቅጠሉ ገጽ እንዲሁ ተንኖ እንዳይጠፋ መከልከል ነው። ዝናም ሲቋረጥ ስንዴው ጥቂት ሳምንት የሚታገሠው በከፊል በዚህ ካባ ነው። ደግሞም አቧራውንና ቆሻሻውን ከዝናሙ ጋር አንከባልሎ ያወርዳል። እንግዲህ ለስንዴው የሚሰጠው ጥቅም ግልጥ ነው። ጥያቄው ለሰውስ ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

የስብ አልኮል ለሰውነታችን እንግዳ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ ጥቂት ጥቂት ይሠራል፤ ከሠራውም በኋላ ወደ ስብ አሲድ ይለውጠዋል። ይህ መንገድ የተዘጋበት ሰው ምን እንደሚደርስበት የታወቀው ከስዊድን አገር ነው። የአርሲ ሰው ስዊድኖችን የሚያውቃቸው በ1967 በእነርሱ ርዳታ በተቋቋመው ካዱ በተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ነው። ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ በ1957 ሾግረንና ላርሶን የተባሉ ሁለት የስዊድን ሊቃውንት ከሰሜን አገራቸው አንድ የዘር ሕመም መዝግበው ነበር። በሽተኞቹ ቆዳቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ይደርቃል፤ እግራቸው ይገተራል፤ አእምሯቸውም ሳያድግ ይቀራል። ምክንያቱ የተገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የስብ አልኮል ወደ ስብ አሲድ በሚለወጥበት መንገድ ላይ የሚሠራው ኤንዛይም በበሽተኞቹ ጎድሎ ተገኘ፤ ስለዚህ የስብ አልኮሉ በሰውነታቸው ውስጥ ይከማቻል። ይህ ሕመም ከመብል የሚመጣ አይደለም፤ ከአባትና ከእናት የሚወረስ፥ እጅግም ጥቂት የሆነ ነው። እኔ ያነሣሁት አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ ነው። አንድ ነገር የተፈጥሮ ስለ ሆነ ብቻ፥ በዛ ቢል ደግ ነው ማለት አይቻልም።

በአፍ የተዋጠው ኦክታኮሳኖልስ? በአይጦች ላይ በተደረገው ምርመራ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂቱ ሆኖ፥ አብዛኛው ከዐይነ ምድር ጋር ሲወጣ ታይቷል። በቅጠል ላይ ውሃን የማያስጠጋው ሰም፥ በሆድ ውስጥም ሰምነቱን አይተውም።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እንመለስ። የስንዴ ሽል ማለት ቡቃያው የሚወጣባት የፍሬዋ ጫፍ ናት፤ ከፍሬው ክብደት ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ብትሆን ነው። ከእርሷ የሚጨመቀው ዘይት ጥቂት ኦክታኮሳኖል አለበት። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ኩረተን የተባሉ የሰውነት ማጠንከሪያ ሊቅ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይህን ዘይትና ኦክታኮሳኖልን ለወጣቶች እየሰጡ ጽናታቸውን ሲለኩ ኖሩ፤ ውጤቱንም በ1972 በመጽሐፍ አወጡት። ዘይቱ የሯጭን ብርታት ይጨምራል አሉ። በጠርሙሱ ላይ ያለው ቃል ሥሩ ይህ ነው። ሌሎች ሊቃውንት ግን አሠራራቸውን ሲመረምሩ ጉድለት አገኙበት፤ ዘይቱን የወሰዱት ሰዎች በዚያው ጊዜ ልምምድ ያደርጉ ስለ ነበር፥ ብርታቱ ከዘይቱ ይሁን ከልምምዱ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። በ1986 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ኦክታኮሳኖል የወሰዱ ሰዎች የእጅ ጭብጣቸው ጥቂት ጠነከረ፤ ብርሃን ሲያዩም እጃቸውን ለማንቀሳቀስ ፈጠን አሉ። በብስክሌት ላይ በተለካው ጽናት ግን ያገኙት ትርፍ አልነበረም። ሯጭ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር።

«ታዲያ ወስደው በረታን የሚሉ ሰዎች ይዋሻሉን?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አይዋሹም። በክፍሌ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ሁለት ጆግ ውሃ አመጣሁና በአንዱ ላይ «ሀ»፥ በሁለተኛው ላይ «ለ» ብዬ ጻፍሁ። «በሀ ውስጥ ከስንዴ የወጣ ብርታት ሰጪ ጠብታ አለበት፤ ለ ግን ንጹሕ ውሃ ነው» አልሁ። ተማሪዎቹ ተካፍለው ጠጡና ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረው ተመለሱ። ከሀ የጠጡት ብዙዎቹ እግራቸው እንደ ቀለላቸው ተናገሩ፤ አንዱማ የስንዴ ጣዕም እንዳገኘበት ማለልኝ። ሁለቱም ጆግ የተቀዳው ከአንድ ቧንቧ ነበር። እውነቱን ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ተስፋ እንዲህ ያለ ጉልበት አለው። ስለዚህ መድኃኒት ሲፈተን እኩሌቶቹ ሰዎች እውነተኛውን፥ እኩሌቶቹ መልኩ ያንኑ የመሰለ ባዶ ክኒን ይወስዳሉ፤ ለማን የትኛው እንደ ደረሰም ሰጪውም ተቀባዩም እስከ መጨረሻው አያውቁም። ከባዶው ክኒን ያልበለጠ መድኃኒት መድኃኒት አይባልም።

ይህ ወንፊት ምን ያህል እንደሚያጣራ በኩባ የሆነው ነገር ያሳያል። የኩባ ሊቃውንት ከሸንኮራ አገዳ ሰም ፖሊኮሳኖል የሚባል ድብልቅ አወጡ፤ ከድብልቁ ከእኩሌታ የሚበልጠው ያው ኦክታኮሳኖል ነው። በቀን 10 ወይም 20 ሚሊግራም የወሰደ ሰው፥ የልብ ሥርን የሚደፍነው የኮሌስትሮል ዐይነት በደንብ ይቀንስለታል ብለው ከ1990ዎቹ ጀምረው ብዙ ጥናት አወጡ፤ መድኃኒቱም በብዙ አገር ተሸጠ። ነገር ግን ጥናቶቹ ሁሉ ማለት ይቻላል የወጡት ከአንድ ቤት ነበር። በ2004 ከስንዴ ሽል የተሠራው ፖሊኮሳኖል በ58 ሰዎች ላይ ለ4 ሳምንት ተሞከረ፤ ኮሌስትሮላቸው አልቀነሰም። በ2006 የጀርመን ሐኪሞች የኩባውን መድኃኒት ራሱን ወስደው ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ 143 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ፈተኑ፤ እስከ 80 ሚሊግራም ድረስ ቢሰጧቸውም ከባዶው ክኒን የተለየ ውጤት አላገኙም። አንድ ምስክር መቶ ጊዜ ቢናገር ያው አንድ ምስክር ነው፤ ዳኛ የሚሻው ሌላ ምስክር ነው።

ስለ መንቀጥቀጡ ሕመምስ? በ1984 አንድ የአሜሪካ ሐኪም ፓርኪንሰን ላለባቸው 10 ሰዎች በቀን ሦስት ጊዜ 5 ሚሊግራም ኦክታኮሳኖል ሰጥቶ፥ በተራ ደግሞ ባዶውን እያፈራረቀ ሞከረ። በግልጥ የተሻላቸው 3 ብቻ ናቸው፤ መሻሉም ቀላል ነበር። በ1986 ደግሞ ጡንቻን ቀስ በቀስ በሚያሰንፍ ሌላ የነርቭ ሕመም ላይ ተፈተነ፤ ምንም አልጠቀመም። እንግዲህ ጠርሙሱ የቆመው በእነዚያ 3 ሰዎች ላይ ነው። ነጋዴው ስለ ቀሩት 7 ሰዎች አልተናገረም።

የጓደኛዬ አባት በወር ከመንፈቅ ውስጥ ቁልፋቸውን መቆለፍ ተሳናቸው፤ አንድ ቀንም ከደጃፋቸው ወደቁ። እኔና ጓደኛዬ ሆነን ወደ ሐኪማቸው ወሰድናቸው። ሐኪሙ አልተቆጣም። ጠርሙሱን አገላብጦ አየና፥ «አባባ፥ ያዘዝሁልዎትን መድኃኒት በድንገት መተው አደገኛ ነው። ሌላ ነገር ቢያምርዎም እንኳ አስቀድመው ይጠይቁኝ» አላቸው። ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ ይኸኛው ከስንዴ የወጣ ነው ሲሉኝ ጊዜ አመንሁ። ስንዴ ክፉ አያደርግም ብዬ ነው» ሲሉ መለሱ። ጓደኛዬ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ዛሬ ወደ ቀድሞው መድኃኒት ተመልሰዋል፤ መንቀጥቀጡ ባይጠፋም ጽዋቸውን ሳያፈሱ ይጠጣሉ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ ይልቅ የደነቀኝን ልንገራችሁ። ሽማግሌው የተዉት መድኃኒት ሌቮዶፓ ይባላል። የአርሲ ገበሬ በስንዴ ማሳው ላይ በተራ የሚዘራው ሌላ ሰብል ምንድር ነው? ባቄላ አይደለምን? በ1913 ጉገንሃይም የተባለ የስዊዝ ኬሚስት ሌቮዶፓን ለይቶ ያወጣው ከባቄላ ነው። ኋላም በ1967 ኮትዚያስ የተባለ ሐኪም በአሜሪካ መጠኑን ቀስ በቀስ እየጨመረ ለበሽተኞች ቢሰጥ፥ ሰውነታቸው ደርቆ የነበሩት ተነሥተው ሄዱ። ከዚያም በሌላ አገር፥ በሌላ እጅ፥ በባዶ ክኒን እየተመዘነ ደጋግሞ ተፈተነና አለፈ። ስለዚህ ነጋዴው «ይህ የተፈጥሮ፥ ያ ኬሚካል» ብሎ የለየው ልዩነት ሐሰት ነበር። ሁለቱም ከእርሻ የተገኙ ናቸው፤ ሁለቱም ኬሚካል ናቸው። የሚለያቸው አንዱ ፈተናውን ማለፉ፥ ሌላው አለማለፉ ነው። ይህን ስል ግን ባቄላ በልታችሁ መድኃኒት ተዉ ማለቴ አይደለም። በባቄላ ውስጥ ያለው መጠን እንደ ዘሩና እንደ እሸትነቱ ይለያያል፤ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው እሸት ባቄላ የሚያበዛ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር።

ለስንዴው ሰም መዝገቡ ተዘግቷል አልልም። በ2017 የጃፓን የጹኩባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በጭንቀት እንቅልፍ ያጡ አይጦች ኦክታኮሳኖል ሲሰጣቸው እንቅልፋቸው እንደ ተመለሰ ጽፈዋል። ደግ ወሬ ነው። ነገር ግን የአይጥ እንቅልፍ ነው፤ የሰው እስኪሆን ድረስ ገንዘባችን በኪሳችን ይቆይ።

የአርሲ ሯጮች ምስጢርስ ከወዴት ነው? ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ መጻሕፍቱን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፥ ማታም ያንኑ ሲመለስ ነው ያደገው። ደራርቱ ቱሉ፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው፤ በዚያች ከፍ ያለች ከተማ ሥንታየሁ እሸቱ የተባሉ የስፖርት መምህር ጧት ጧት ልጆችን ሲያስሮጡ ኖረዋል። በ2003 የስኮትላንድ ሊቃውንት የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን አትሌቶች ጠይቀው ነበር፤ ከማራቶን ሯጮቹ መካከል የአርሲ ሰዎች ከሕዝቡ ቍጥር ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ በዝተው ተገኙ፤ ብዙዎቹም ወደ ትምህርት ቤት የሄዱት እየሮጡ ነበር። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የ10 ሯጮቻችንን ማዕድ መዘነ። ከሚያገኙት ጉልበት ከመቶ 64 እጅ ያህሉ የመጣው ከካርቦሃይድሬት ነው። ዐቀበት፥ ልምምድ፥ መምህር፥ እንጀራ፤ ይኸው ነው። ከስንዴ ሽል የሚገኘውን ኦክታኮሳኖል የሚፈልግ ሰው ቢኖርም፥ ሽሉ ያልወጣለትን ስንዴ ቆሎ ወይም ንፍሮ አድርጎ ቢበላ በነጻ ጥቂት ያገኛል።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፥ ነገ እናንተም ዘንድ ሌላ ጠርሙስ በሌላ ስም መምጣቱ አይቀርምና፥ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። አንደኛ፥ የተፈተነው በሰው ላይ ነው ወይስ በአይጥ? ሁለተኛ፥ ከባዶ ክኒን ጋር ተመዝኗልን? ሦስተኛ፥ ከሻጩ ጋር ጥቅም የሌለው ሌላ ሰው ደግሞ ሞክሮት ያንኑ አግኝቷልን? አራተኛና ዋናው፥ ይህን ስጀምር የምተወው ነገር ምንድር ነው? አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

ተማሪዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ ጥቂት ዝም አለና፥ «እንግዲያስ ጋሼ፥ ጫማውን ልግዛ?» አለኝ። ግዛ አልሁት። ባለፈው ሳምንት ጧት ወደ ጭላሎ አቅጣጫ በሚወስደው ዐቀበት ላይ አዲስ ጫማ አድርጎ ሲሮጥ አየሁት። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ስንዴ ጤዛውን እያንከባለለ ያራግፍ ነበር።